ዕጣን የማይሸታት አፍንጫ

ሽቶ ቀማሚዋ የዕጣን ዘይቱን ጣሳ ከፈተች፣ አንዴ አሸተተችና መልሳ ከደነችው።

«ሞቷል» አለች።

ጣሳውን ያመጣው የአቅራቢው ሠራተኛ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ቆሞ አያት። ከመኪናው አንስቶ እስከዚህ ፎቅ ድረስ ጣሳውን አቅፎ ሲወጣ እያስነጠሰ ነው የመጣው፤ ዓይኖቹም ቀልተዋል።

«ምኑ ነው የሞተው እህቴ?»

«ሽታው ነዋ። ውሃ ነው ያመጣህልኝ። ባለፈውም እንዲሁ ነበር፣ በይሉኝታ ተቀበልኩህ። ዛሬ ግን መልሰህ ውሰድልኝ።»

«ዕጣን ለሞተ ሰው ሲጨስ አውቃለሁ፤ ራሱ ሞተ ሲባል ግን ዛሬ ገና ሰማሁ» አለ ሰውዬው ጣሳውን እያነሳ። ደረጃውን ሲወርድ እንደገና ሲያስነጥስ ተሰማ።

ከባሻገር ባለው ጠረጴዛ የተቀመጠው ባልደረባዋ ቀና ብሎ አያት። ይህን ሰው በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ሚዛን» ነው የሚለው። ሥራው ቀማሚዎች ያዘዙትን ዘይት እያንዳንዱን በጠብታ መመዘን ነው፤ ጠባዩም ሥራውን መስሎ ቃል ከአፉ የሚወጣው ተመዝኖ ነው። የዚያን ቀን ጣሳውን በዓይኑ ሸኘ፣ እሷን አየ፣ ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀና ተወው።

እሷም አላስተዋለችውም። ሰሞኑን ምኑን ታስተውላለች? ተቀመጠች ሲሏት ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ የጀመረችውን ብልቃጥ ትታ ሌላ ታነሳለች። ነገሩ የእግር እሳት ሆኖባታል።

በዚያ የሽቶ ቤት ውስጥ ዓመታት የሠራችው በረዳትነት ነው። የልብስ ሳሙና ሽታ፣ የፀጉር ቅባት ሽታ፣ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ሽታ፤ በእጇ ያለፉት እነዚህ ናቸው። ሰው አንገቱ ላይ ነክቶት ሲያልፍ ሌላው ሰው ዞሮ እንዲያየው የሚያደርግ ሽቶ ግን አንድም ቀን በራሷ ሠርታ አታውቅም። ታዲያ አንድ ቀን እመቤቲቱ፣ የቤቱን ባለቤት ሠራተኞቹ ከጀርባዋ እንደዚያ ነው የሚሏት፣ ሁሉንም ሰብስባ ከዕጣን አዲስ ሽቶ ሊሠራ መሆኑን ነገረቻቸው።

«ጭሱን አልፈልግም» አለች። «ጭሱን ያልሠራው የለም። እኔ የምፈልገው ዕጣኑን ነው፤ እሳት ሳያየው፣ ከዛፉ እንባ ሆኖ እንደወረደ።»

«ለእኔ ይተዉት» አለች ቀማሚዋ ማንም ሳይቀድማት። «እኔ እኮ የዕጣን ጆንያ ላይ ነው የተወለድኩት።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያለችው ግን ከእውነት የራቀ አልነበረም። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ በዕጣን መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበረች፤ ነጩን ከቢጫው፣ ቅርፊቱን ከፍሬው እየለየች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ልጅቷም ጡት የጠባችውና ድክ ድክ ያለችው በዚያው በጆንያዎቹ መሃል ነው። እመቤቲቱ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች።

«እንግዲያው ያንቺ ነው። ብልቃጡ ላይም ያንቺ ስም ይጻፍበታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት የለም። ዕጣን ትጨምራለች፣ ታሸታለች፣ አይሸታትም። ደግማ ትጨምራለች። አብራ የቀመመችው የሎሚ ልጣጭ ይሸታታል፣ ቁንዶ በርበሬውም ይሸታታል፤ መሃሉ ላይ ሊቆም የሚገባው ዕጣን ግን የለም። አቅራቢውን ረገመች፣ ብልቃጦቹን አስቀየረች፣ አልኮሉን ተጠራጠረች። አንድ ያልጠረጠረችው የራሷን አፍንጫ ብቻ ነው።

ጣሳው በተመለሰ በማግስቱ እመቤቲቱ የደረሰችበትን ልታይ መጣች። ሽቶው የተነከረበትን የማሽተቻ ወረቀት ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ወዲያው አራቀችው፣ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች፣ አልበቃ ቢላት በረንዳው ላይ ወጣች።

«ይሄ ሽቶ ነው ወይስ መጋዘን?» አለች ከውጭ ሆና። «ሰው አንገቱ ላይ ጆንያ ተሸክሞ ግብዣ አይሄድም።»

«ለእኔ እኮ ገና ባዶ ነው» አለች ቀማሚዋ። «ዕጣኑ አልወጣልኝም። ልጨምርበት ነበር።»

«ልትጨምሪበት?» እመቤቲቱ ትክ ብላ አየቻት። «እኔን እያፈነኝ፣ ላንቺ ባዶ ነው?»

ቀማሚዋ ወረቀቱን ይዛ ወደ ቅመማ ክፍሉ ተመለሰች። ሁሉም ተመካክረው የሚያሾፉባት መሰላት።

ሚዛን ያን ጊዜ ነው የተነሳው። በሩን ዘጋና ሦስት የማሽተቻ ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረ።

«አሽትቺ። የትኛው ነው ዕጣን ያለበት?»

አንዱን አሸተተች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ተመልሳ የመጀመሪያውን።

«ሁሉም ባዶ ናቸው። አልኮል ብቻ። ምን እየቀለድክ ነው?»

«አልኮል አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ዕጣን ናቸው። ይሄኛውን ደግሞ ሞተ ብለሽ ከመለስሽው ጣሳ ውስጥ በቀዳሁት ነው ሳልበርዝ የነከርኩት፤ ሰውዬውን ትናንት ደረጃው ላይ ተከትዬው።» ወረቀቱን ከፊቱ አርቆ ያዘው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አንቺ ዕጣን አይሸትሽም።»

«የዕጣን ለቃሚ ልጅ ሽታ ጠማት በለኛ» ብላ ሳቀች።

«እየቀለድኩ አይደለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ አፍንጫም እንደዚያው ነው። የግቢ ውሻ የቤቱ ሰው ሲገባ ይጮሃል? አይጮህም። ያንቺም አፍንጫ ዕጣንን የቤት ሰው አድርጎ ይዞታል፤ ገባ ብሎ አይነግርሽም።»

ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እሱም የተናገረው የበዛበት ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ድሮ እንዲህ አልነበርሽም። ትንሽ ትንሽ ይሸትሽ ነበር። ሰሞኑን ግን ካንቺ በፊት ሽታሽ ነው ደረጃውን የሚወጣው። ልብስሽም ፀጉርሽም ዕጣን ዕጣን ይላል። የምመዝነው ሁሉ እየተምታታብኝ ተቸግሬያለሁ። ቤትሽ ውስጥ ምን ገባ?»

ቀማሚዋ ቁጭ አለች። ቤቷ የገባው እናቷ ነበረች።

እናትየዋ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ መጋዘኑን ስትሰናበት አንድ ጓዝ ልብስና አንድ ከረጢት ዕጣን ይዛ ነው ወደ ልጇ የመጣችው። ከረጢቱ የስንብት ስጦታ ነው። ዕጣኑን አታጨሰውም፣ አትሸጠውም፤ ትለቅመዋለች። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትሪ ላይ ትዘረግፈዋለች። ነጩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ ታደርጋለች፤ ሲያልቅ መልሳ ትደባልቀውና ከሰዓት እንደገና ትጀምራለች።

«ለቅመሽው የለም እንዴ እማዬ?» ስትላት፣

«እጄ ሥራ ካልያዘ ራሴን ያመኛል» ትላለች። «አንቺስ ብትሆኚ መቼ አርፈሽ ትቀመጫለሽ? ሌላ ቦታ አልተወለድሽም።»

የዕጣኑ ዱቄት በፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲበን ይታያል፤ ሶፋው ላይ ያርፋል፣ መጋረጃው ላይ ያርፋል። ቀማሚዋ ይህን በየቀኑ እያየች አንድም ቀን ሽታ ነው ብላ አላሰበችውም። አቧራ ነበር የመሰላት።

ያን ዕለት ቤት ስትገባ ሌባ እንደሚፈልግ ሰው ታሸት ጀመር። መጋረጃውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምንም። ሶፋውን፣ ፎጣውን፣ የካፖርቷን እጅጌ። ምንም። ይህ ምንም የሚባለው ነገር ዛሬ አስፈራት። መስኮቶቹን በረገደች።

«ምን ያቅበጠብጥሻል የኔ እናት?» አለች እናቷ ከትሪው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። «ብርድ ታስገቢብኛለሽ።»

«ቤቱ ይናፈስ ብዬ ነው።»

«ምን ሸተተሽ?»

«ምንም» አለች። ይህኛው እንኳ እውነት ነበር።

ስልኳ ጮኸ። እመቤቲቱ ነበረች። ቀማሚዋ ወደ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ሚዛን ነገሩን ነግሯት ኖሯል፤ በክፋት አይደለም፣ ሥራው እንዳይበላሽ ብሎ ነው።

«ስሚኝ» አለች እመቤቲቱ። «ያንን ሽታ ከቤትሽ አውጪ። እስኪወጣ ድረስ ቅመማ ክፍሉ ድርሽ እንዳትዪ። አፍንጫሽ ከተመለሰ ሽቶው ያንቺ ነው፤ ካልተመለሰ ለሌላ ቀማሚ እሰጠዋለሁ። ወጥቶ ተመልሶ ቢገባም ያው ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አልናገርም።»

«እናቴ ናት እኮ» አለች ቀማሚዋ ድምጿን አፍና። «ዕጣኑ የእሷ ነው። ልብሷም ፀጉሯም ሰውነቷም ገብቶበታል። እሷን ምን ላድርጋት?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ዕጣኑ ትሪው ላይ ጠብ ጠብ ሲል የነበረው ድምፅ ቆሟል። ቀማሚዋ ከበሩ ጀርባ ቆማ ጆሮዋን ሰጠች። ድምፁ እስኪመለስ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ቆየች። ሲመለስ፣ አልሰማችኝም ብላ ራሷን አታለለች።

በማግስቱ ከሰዓት እናትየዋ ጓዟን አስራ ጠበቀቻት።

«ወንድምሽ ጋ ልሄድ ነው። ሚስቱን ወገቧን አሟታል፣ ልጆቹን የሚይዝላት የለም።»

«መቼ ነገረችሽ?»

«ደውላ ነዋ። አንቺ ወጣ ባልሽበት።»

ቀማሚዋ ደስ አላት። እውነቱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሀፍረቱ ቀጥሎ መጣ፤ ቢሆንም ታክሲ ከመጥራት አላገዳትም። «ቆይ ይቺን ሳምንት እንኳ» ብላ ልመና ቢጤ ሞከረች፤ ድምጿ የምር እንዳልሆነ ግን ለራሷም ይሰማት ነበር። መጋረጃዎቹ ታጥበው ተሰቅለዋል። ወለሉ በሳሙና ተፈትጎ ገና አልደረቀም። ያ የማይታጠፍ ጉልበት እንዴት ተንበርክኮ እንደፈተገው አልጠየቀችም። ብትጠይቅ መልሱ ይመጣላ።

ቤቱ ባዶ ሆነ። የራሷን ልብስ ሁሉ ላውንደሪ ሰጠች፣ ፀጉሯን አሳጠረች፣ ሶፋውን አስጠረገች። ቅመማ ክፍሉን ስለተከለከለች አፍንጫዋን ለማንቃት መንገድ ለመንገድ ትዞራለች፤ ዳቦ ቤት ደጃፍ ትቆማለች፣ ጎማ ጠጋኙ ጋ ትቆማለች፣ ቀለም የሚቀባ ቤት ካየች አጥሩን ተደግፋ ታሸታለች። ሰዎች ሥራ የፈታች እብድ ነው የመሰለቻቸው። እቤት ስትገባ የእናቷ ወንበር መስኮቱ አጠገብ እንዳለ ነው፤ አትቀመጥበትም፣ አታነሳውምም። ስትደውል እናቷ «ደህና ነኝ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ብላ ቶሎ ትዘጋባታለች። ናፈቀቻት። ናፍቆቱን ደግሞ ለማን ትናገረዋለች? ራሷ አይደለች ታክሲ የጠራችው?

አንድ ቀን ብርድ ሆነና ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ብርድ ልብስ ለማውረድ ተንጠራራች። እናቷ ትደርበው የነበረ፣ ማጠቡ የተረሳ ብርድ ልብስ ነው። ሲዘረጋ አንድ ነገር ፊቷን መታት። ደንግጣ ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ሰው የገባ መሰላት። መጀመሪያ እንደ ሎሚ ልጣጭ ስል ሆኖ መጣ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ፣ የረጠበ ድንጋይ የሚመስል፤ ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬ። ሁሉም ካለፉ በኋላ ደግሞ አንድ ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ፣ ስም ያላገኘችለት ነገር ቀረ። ዕጣን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ኖሮ ገና ዛሬ ተዋወቀችው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ ብርድ ልብሱን አቅፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

ለእናቷ ነው ያለቀሰችው? ለእናቷም ነው። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ እያለቀሰችም ልቧ ቅመማ ክፍሉ ነበር፤ ሎሚው ይህን ያህል ጠብታ፣ ድንጋዩ ይህን ያህል እያለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው አልጋ በአልጋ ሆነላት። ደፍታው የነበረውን ዕጣን ግማሹን ቀነሰች፣ የግማሹንም ግማሽ። ሞተ ብላ የመለሰችውን ጣሳ እንደገና አስመጣች። ሰውዬው ጣሳውን አቅፎ በሩ ላይ ብቅ አለና «ተነሳ እንዴ?» አላት፤ ሚዛን ራሱ ሳቀ። የሠራችውን ለእመቤቲቱ ስታቀርብላት እመቤቲቱ መስኮት አልከፈተችም። ወረቀቱን ደጋግማ አሸተተች።

«ጎበዝ» አለች በመጨረሻ። «ግን ማብቂያው ይቀረዋል። ጠዋት የተቀባው ሰው ማታ ቆዳው ላይ የሚያገኘው ነገር የለም። ሎሚው ይሄዳል፣ ቁንዶ በርበሬው ይሄዳል፣ ከዚያ ወና ነው። ማብቂያውን አምጪልኝና ብልቃጡን እናዝዛለን።»

ማብቂያውን ታውቀዋለች። ብርድ ልብሱ ላይ ያገኘችው ያ ስም የሌለው ነገር ነው፤ ዕጣንና የሰው ገላ አብረው ኖረው የፈጠሩት። የብርድ ልብሱ ሽታ ግን አየር ነክቶት ደክሟል።

«ከየት ታመጪዋለሽ?» አላት ሚዛን።

«ከእናቴ አንገት።»

ሚዛን በእጁ የያዘውን ብልቃጥ አስቀመጠ። «እንደ ዕቃ?» አለ።

እሷ ንጹሕ ጥጥና ክዳን ያለው ብርጭቆ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ጥጡን አንገቷ ላይ አሳርፋለሁ፣ ትንሽ አብሬያት እቀመጣለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ያሰበችው ይህን ነው። አውቶቡሱ ውስጥ እግሯ አላርፍ ብሎ ወለሉን ሲደበድብ አጠገቧ የነበረችው ሴት ቦታ ቀየረች።

በሩን የከፈተችላት የወንድሟ ሚስት ናት፤ በአንድ እጇ ውሃ የሞላ ባልዲ፣ በሌላው ክንዷ ልጅ ይዛለች።

«ወገብሽን ተሻለሽ እትዬ?»

«የምን ወገብ?»

«አሞሽ… ልጆቹን የሚይዝልሽ አጥተሽ እማዬን ጠርተሻት…»

የወንድሟ ሚስት ባልዲውን አስቀመጠች። «እኔ ማንንም አልጠራሁም። እንኳን መጡልኝ እንጂ እኔስ ደስ ብሎኛል። ግን ምን እንደሆኑ አንቺ ንገሪኝ። ጠዋትም ማታም ውሃ አፍልተው ይታጠባሉ፣ በዚያ በልብስ ሳሙና። ቆዳቸው ተልጧል እኮ። ለምን ስላቸው ዝም። ሲነጋ መጥተው ‹እስኪ አሽትቺኝ› ይሉኛል። እኔ ደግሞ ይሄ ጉንፋን አይለቀኝ፤ ምን አውቄ እነግራቸዋለሁ?»

ያን ዕለት ስልክ ስታወራ ከትሪው ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ድምፅ ለምን እንደቆመ ለቀማሚዋ አሁን ገባት። አሁን ገባት እንበል እንጂ ያኔም ገብቷት ነበር።

እናቷ በጓዳው ክፍል አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ርጥብ ነው። ክንዶቿ ቀልተው ቦታ ቦታው ተልጧል። ከረጢቱ በአካባቢዋ የለም። ጣቶቿ ግን አላረፉም፤ ባዶ ጉልበቷ ላይ የሌለ ዕጣን ይለቅማሉ፣ ነጩን ወዲህ፣ ቢጫውን ወዲያ።

«ከረጢቱስ እማዬ?»

«ለጎረቤት ሰጠሁት። ምን ያደርግልኛል?» ፊቷ በራ። «እንኳን መጣሽልኝ። እዚህ ቤት ያለው ሁሉ ጉንፋናም ነው፤ ባለሙያዋ እስክትመጣ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ነይ እስኪ አሽትቺኝ። ለቀቀኝ?»

«ምኑ?»

«ዕጣኑ ነዋ። እኔ እንደሆነ ሸትቶኝ አያውቅም፤ ሰው ሲነግረኝ ነው የማውቀው። ልጄን ከእንጀራዋ አላጣላም ብዬ ነው የወጣሁት። ሲለቀኝ እመለሳለሁ፤ እዚህ ልኖር መች መጣሁ?»

ይህን ስትል ቅሬታ የሚባል ነገር ድምጿ ውስጥ አልነበረም። ቢኖር ይሻል ነበር። ቀማሚዋ ጎንበስ ብላ ወደ አንገቷ ተጠጋች።

አለ። ከሳሙናው ሥር፣ ከተላጠው ቆዳ ሥር፣ ምንም ሳይጎድለው አለ፤ ሎሚው፣ ድንጋዩ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ማብቂያውም ጭምር። እንዲህ ጥርት ብሎ በየትኛውም ብልቃጥ ውስጥ ገጥሟት አያውቅም። ይህን ሳሙና ቀርቶ ዕድሜም አያወጣው። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፣ ጥጡም እዚያው ነው። አልለቀቀሽም ብትላት እናቷ እዚሁ ትቀራለች፤ ሽቶው ተሠርቶ ያልቃል፣ የራሷ ስም ብልቃጡ ላይ ይጻፋል፤ እናቷም ነገ ጠዋት ውሃ ታፈላለች። ለቆሻል ብትላት ይህ ሽታ ተከትሏት ቤቷ ይገባል። እመቤቲቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ አትናገርም። አፍንጫዋም ይለምደዋል፣ ዝም ይላል፣ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ አትሸታትም።

አንዴ በረጅሙ ሳበችው።

«ለቆሻል እማዬ» አለች።

«እውነትሽን ነው? እንዳትዋሺኝ በሞቴ።»

«በሙያዬ ነው የምነግርሽ። ሳሙና ሳሙና ነው የምትሸቺው። ተነሽ፣ ቤታችን እንሂድ።»

እናትየዋ ያን ጉልበቷን እየደገፈች ተነሳች። ጓዟን ለማሰር ብዙ አልፈጀባትም፤ አብዛኛውን አልፈታችውም ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ብርድ ስለነበር መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። እናትየዋ ስለ ልጅ ልጆቿ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ምን እንደምትሠራ ትናገራለች። ከፊታቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ወዲያ ወዲህ አሉና ዞረው አዩዋቸው።

«ዕጣን የያዘው ማነው? እንዴት ደስ ይላል እባካችሁ።»

የእናቷ ወሬ ተቋረጠ። ወደ ልጇ ዞረች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ ቀማሚዋ አየችው።

«ለቆሻል አላልሽኝም?» አለች በሹክሹክታ። ጓዟን ሳብ አድርጋ ልትነሳ ስትል ቀማሚዋ እጇን ያዘቻት።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ለሽማግሌው፣ እናቷ እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ከእኔ ነው የሚሸተው። ከልጅነቴ ጀምሮ አይለቀኝም።»

«አይልቀቅሽ» ብለው ሽማግሌው ወደ ፊታቸው ዞሩ።

እናትየዋ ልጇን ብዙ አየቻት። ከዚያ ወደ አንገቷ ጠጋ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና አሸተተቻት።

«እኔስ ምንም አልሸተተኝ» አለች ግራ ገብቷት።

«ለእኔም መሽተቱን እየተወ ነው» አለች ቀማሚዋ። እጇን ግን አልለቀቀችም።